ሊብሬ የማይናገረው

ባለፈው ሰሞን አንዲት ያገለገለች ኮሮላ ልገዛ ቀብድ ከፈልኩ። የስድስት ዓመት እቁብ ነው! ደላላው "ያልተነካካች፣ ከዱባይ የገባች፣ ሴት የነዳቻት" ይለኛል። ዘይቱና ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ብጠይቀው "ሊብሬው ይኸው!" ብሎ ዘረጋልኝ። ሊብሬ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የባለቤት ስም ይነግራችኋል እንጂ መኪናዋ እንዴት እንደተያዘች የት ያውቃል?

ነገሩ ታሪክ አስታወሰኝ። ለአጼ ምኒልክ የመጣችው የመጀመሪያዋ አውቶሞቢልም እኮ ቤተ መንግሥት ስትደርስ "ያገለገለች" ነበረች። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ እ.ኤ.አ. በ1907 ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃና አቀበት እያቋረጠ ነው ያመጣት። እሷ ግን ታሪኳ አልጠፋም፤ ጉዞዋ እ.ኤ.አ. በ1913 ለንደን ላይ ሙሉ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

ከዚያ ወዲህ መኪናውን አበዛን፣ መጻፉን ተውን። በደርግ ዘመን አዲስ መኪና ብርቅ ስለነበር አንዷ ቮልስ ከአባት ወደ ልጅ ትተላለፍ ነበር፤ መዝገቧም የሰፈሩ ሜካኒክ ጭንቅላት ነው። እሱ ሲሞት መዝገቡም አብሮ ይቀበራል። ከዓረብ አገር ይመጡ የነበሩትማ የጥገና ደብተራቸውን እዚያው ጥለው ነበር የሚመጡት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ጫነ። እዚህ ያለው አሮጌ፣ ደብተር ኖረው አልኖረው፣ ተወደደ።

ሜካኒክ ይዤ ሄድኩ። ልጁ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ሰደደ፤ ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ። "ጋሼ" አለኝ፣ "ይቺስ ከዱባይ በእግሯ ነው የመጣችው።"

ቀብዱ እስካሁን ደላላው ጋ ነው።