የጆርጅ ሙለር ደስታ ከየት መጣ?

ስለ ጆርጅ ሙለር አንድ ጊዜ እንኳ ያልሰበከ መጋቢ በመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። የብሪስቶሉ የወላጅ አልባ ልጆች አባት ከሰው ሳይለምን፣ ፍላጎቱን ለእግዚአብሔር ብቻ እየነገረ በዕድሜው ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆችን አሳደገ እንላለን። ከዚያም ጉባኤው እንዲጸልይ፣ አንዳንዴም እንዲሰጥ (ይህን ለራሴም ጭምር ነው የምናገረው) እንጠይቅበታለን። ታሪኩ እውነት ነው። ሙለር ራሱ ስለ ደስታው ምንጭ ሲጽፍ ግን የሚያስቀድመው ሌላ ነገር ነው። እኛ ያንን ገጽ ዘልለን ወደ ገንዘቡ እንሄዳለን። እስቲ ከእኔ ጋር ወደ ዘለልነው ገጽ ተመለሱ።

ሙለር እ.ኤ.አ. በ1805 በፕራሻ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ግብር ሰብሳቢ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ከዚያው ከመንግሥት ገንዘብ ይሰርቅ ነበር። በ16 ዓመቱ የእንግዳ ማረፊያ ሂሳብ ባለመክፈሉ ታሰረ። ይህ ወጣት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዲማር የታሰበ ነበር! በተማሪነቱ 300 ያህል የራሱ መጻሕፍት እንደ ነበሩት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዳልነበረው ራሱ ይናዘዛል። የሴሚናሪ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን አንብባችሁ ወደ መደርደሪያችሁ ቀና በሉ።

በ1825 በሃሌ የነገረ መለኮት ተማሪ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ምሽት ወዳጁ ለጸሎት ወደሚሰበሰቡ አማኞች ቤት ወሰደው። ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ በዓይኑ ያየው በዚያ ምሽት ነበር። በዚያው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር ስዊዘርላንድን ጎብኝቶ ነበር፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ያ ሁሉ ሽርሽር ከዚህ ምሽት ጋር ሲነጻጸር ከንቱ ሆኖ ታየው። እንዲህም ሆኖ የሚቀጥሉትን አራት ዓመታት የኖረው በአብዛኛው የሰዎችን መጻሕፍት እያነበበ ነው። በ1829 በእንግሊዝ አገር ታመመና ለማገገም ወደ ቴይንማውዝ ሄደ። ከዚያ በኋላ በሩን ዘግቶ ቅዱሳት መጻሕፍትን ብቻ ማንበብ ጀመረ። በመጀመሪያው ምሽት በጥቂት ሰዓታት የተማረው ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ከተማረው እንደሚበልጥ መስክሯል።

የዚህ ሰው ንባብ ከእኛ የሚለየው ቀጥሎ በሆነው ነገር ነው። አንድ ቀን ሦስት እህቶች ስለ ጥምቀት ሲነጋገሩ አሳቡን ጠየቁት። እርሱም ዳግመኛ መጠመቅ እንደማያስፈልገው መለሰ። ከእነርሱ አንዷ ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ ቅዱስን መርምሮ እንደ ሆነ ጠየቀችው። አልመረመረም ነበር። እንግዲያውስ እስኪመረምር ድረስ ስለ ነገሩ እንዳይናገር ለመነችው። ያን ጊዜ ሙለር መጋቢ ነበር፤ እህቲቱን ተቆጥቶ ማለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ሄዶ መረመረ፣ ተረዳ፣ በ1830 ተጠመቀ። ስለ ጥምቀት ከእርሱ የተለየ አቋም ያላችሁ አንባቢዎች ብትኖሩም ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ አነበበ፤ ያነበበውን አደረገ።

በዚያው ዓመት የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ያዘው። በዓመት 55 ፓውንድ የነበረው ደመወዙ የሚከፈለው ከመቀመጫ ኪራይ ነበር፤ የተሻለ የከፈለ የተሻለ ወንበር ያገኝ ነበር። ያዕቆብ ስለ ባለ ወርቅ ቀለበቱና ስለ ድሀው ከጻፈው ጋር ይህን ሊያስታርቅ አልቻለም። ደመወዙን ተወ፤ የፈለገ እንዲሰጥ በጸሎት ቤቱ ሣጥን አስቀመጠ። ገና ማግባቱ ነበር፤ ባለቤቱ ሜሪም ተስማማች። ሉቃስ 12፥33ን አንብበው ያላቸውን ሸጡ፤ ሮሜ 13፥8ን አንብበው ዕዳን ተዉ። እኔ ደመወዝ እቀበላለሁ፤ የእርሱን እርምጃ ለመጋቢዎች ሁሉ ሕግ አላደርገውም። ነገር ግን ዮሐንስ 7፥17 ፈቃዱን ሊያደርግ ለሚወድ የሰጠው ተስፋ ለሙለር በብዙ ትምህርቶች ላይ ብርሃን የሆነለት በዚህ መንገድ ነው። በዚያ እርምጃ አልተጸጸተም፤ እንዲያውም ያ ኑሮ የእግዚአብሔርን ርኅራኄ በቅርብ እንዳሳያቸው ጽፏል።

ያ ዘለልነው ያልኳችሁ ገጽ የተጻፈው በግንቦት 1841 ነው። በአሽሊ ዳውን የመጀመሪያው ትልቅ ሕንፃ ሊከፈት ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ከ1838 ጀምሮ በኪራይ ቤቶች ያሉት ልጆች ለሚቀጥለው ምግብ ሳንቲም የማይገኝበት ቀን አልፎ አልፎ ይገጥማቸው ነበር። በዚህ መካከል ሙለር በየቀኑ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የመጀመሪያ ጉዳይ ነፍሱ በጌታ ደስ መሰኘቷ እንደ ሆነ ጻፈ። አገልግሎቱን እንኳ ከዚህ በኋላ አስቀመጠው።

እንዴት? ቢያንስ ለ10 ዓመታት ልማዱ ተነሥቶ ወዲያው መጸለይ ነበር። አሳቡ ግን ይባዝን ነበር፤ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው በእውነት መጸለይ የሚጀምረው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ለወጠ። አዲስ ኪዳንን ከፍቶ እያንዳንዱን ቁጥር እያሰላሰለ፣ ከእያንዳንዱ በረከት እየፈለገ ማንበብ ያዘ። ጥቂት ሳይቆይ ንባቡ ወደ ኑዛዜ ወይም ወደ ምስጋና፣ ወደ ምልጃም ይለወጥ ነበር። መጋቢዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ይህን የሚያደርገው ለስብከት ዝግጅት ሳይሆን ለራሱ ነፍስ ምግብ መሆኑን ለይቶ ጽፏል። ለሌሎች የሚሆነውም ብዙ ጊዜ ከዚያው ይገኝ ነበር። ስንቶቻችን ነን ሐሙስ ወይም ዓርብ መጽሐፉን የምንከፍተው እሑድ ስለደረሰብን ብቻ?

ይህ ደስታ ሐዘን የማያውቅ አልነበረም። ልጁ ኤልያስ በ1835 በጨቅላነቱ ሞቶበታል። በየካቲት 1870 ደግሞ ሜሪ ከ39 ዓመት ትዳር በኋላ አረፈች። የቀብሯን ስብከት ሙለር ራሱ ሰበከ፤ ምንባቡ ስለ እግዚአብሔር መልካምነት የሚናገረው መዝሙር 119፥68 ነበር። ሦስት ነጥቦች ነበሩት፦ ጌታ እርሷን ሲሰጠው መልካም እንደ ነበረ፣ ይህን ያህል ዘመን ሲያቆያትለት መልካም እንደ ነበረ፣ ሲወስዳትም መልካም እንደ ነበረ።