ከሐዲዱ በፊት ቋንቋው፦ የሞዴል ባቡሮች የመቆጣጠሪያ ፍጥጫና የጥገኝነት ዋጋ

በአውሮፓና በአሜሪካ ሞዴል ባቡር የልጆች መጫወቻ ብቻ አይደለም። ትልልቅ ሰዎች በቤታቸው ጣቢያ፣ ድልድይና ዋሻ እየሠሩ ለአሥርት ዓመታት የሚያሳድጉት፣ ብዙ ገንዘብም የሚፈስበት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ወደዚህ ዓለም የሚገባ ጀማሪ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ የትኛው ዲጂታል መቆጣጠሪያ ይገዛ?

መልሱ ግን የዋጋ ዝርዝር ላይ አይገኝም። ጀማሪው ከሣጥኑ ጋር ሣጥኑ የሚናገረውን ቋንቋም አብሮ ይገዛል። ከዚያ በኋላ የሚገዛው እያንዳንዱ ባቡር ያንን ቋንቋ መስማት አለበት። ታዲያ የቋንቋው ባለቤት ማን ነው? ይህ ጥያቄ የ60 ዓመት ታሪክ አለው። በመጨረሻም ከአሻንጉሊት ዓለም ወጥቶ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ የዓለምን የሶፍትዌር ሕግም ነክቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◾️ ሁሉም የራሱን ቋንቋ ሲናገር

በድሮው አሠራር ሐዲዱ ላይ እስከ 12 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ቮልቴጁ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ችግሩ ሐዲዱ ላይ ያሉት ባቡሮች ሁሉ ያንኑ ኤሌክትሪክ መጋራታቸው ነው። አንዱን ለማቆም ሁሉንም ማቆም ግድ ይላል። ሁለት ባቡሮችን ለየብቻ መንዳት የፈለገ ሰው ሐዲዱን በክፍል በክፍል ቆራርጦ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ማብሪያ ማጥፊያ ገጥሞ፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር እየቀያየረ መከታተል ነበረበት። ባቡር መንዳት ቀርቶ የሽቦ ጠባቂ መሆን ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ለመገላገል የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከትልልቅ ድርጅቶች መጡ። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1963 አስትራክ የተባለ መሣሪያ አወጣ፤ አምስት ባቡሮችን በአንድ ሐዲድ ላይ ለየብቻ ማዘዝ ይችል ነበር። የእንግሊዙ ሆርንቢ በ1979 ዜሮ ዋን የተባለውን አቀረበ፤ ይህ ደግሞ እስከ 16 ባቡሮች ያዝ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀርመኑ ሜርክሊን በሞቶሮላ ቺፖች ላይ የተመሠረተና 80 ባቡሮችን በቁጥር የሚለይ ዲጂታል ሥርዓት ይዞ ብቅ አለ።

ሁሉም በየዘመናቸው አስደናቂ ነበሩ። አንድ ጉድለት ግን ያመሳስላቸዋል፦ አንዱ የሌላውን አይሰማም። ዜሮ ዋንን የገዛ እንግሊዛዊ ለባቡሮቹ የሚሆኑ ቺፖችን ከሌላ ወገን እንደልቡ ማምጣት አይችልም ነበር። ሥርዓቱ ከገበያ ሲወጣ በየባቡሩ ሆድ ውስጥ የገጠማቸው ቺፖች እንደ ተሻረ ገንዘብ ሆኑ። ዕቃው አልተበላሸም፤ የሚያናግረው ግን ጠፋ።

የሚገርመው፣ ይህ ዘርፍ የጋራ መለኪያን ጥቅም ድሮም ያውቅ ነበር። ራሱ ሜርክሊን በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ የሐዲድ ስፋቶችን በቁጥር ከፋፍሎ አቅርቦ ነበር፤ የዛሬዎቹ የስፋት ስያሜዎች መነሻም ከዚያ ይመዘዛል። ስለ ብረቱ የነበረው ጥበብ ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ሲመጣ ተዘነጋ።

◾️ የተጠቃሚዎች ማኅበር የሠራው

መፍትሔው ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ አልመጣም። በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር የአፍቃሪዎች ስብስብ ነው፤ ፋብሪካ የለውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን አምራቾች ሥርዓታቸውን እንዲያቀርቡ ጠየቀና እያነጻጸረ መረመረ። ከሁሉም ቀልቡን የሳበው የጀርመኑ ሌንዝ ኤሌክትሮኒክ፣ ቀደም ሲል ለሜርክሊንና ለአርኖልድ የሠራው የባለ ሁለት ሐዲድ ዘዴ ነበር። ማኅበሩ ከሌንዝ ፈቃድ ወስዶ አሰፋው፤ ረቂቁ በጥቅምት 1993 በአንድ የዘርፉ መጽሔት ታትሞ ለሁሉም ተበተነ፤ በቀጣዩ ዓመትም ጸደቀ። ስሙ ዲጂታል ኮማንድ ኮንትሮል፣ በአጭሩ ዲሲሲ ተባለ።

አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ሐዲዱ ላይ ያለማቋረጥ ሙሉ ኤሌክትሪክ አለ። ይህ ኤሌክትሪክ በየቅጽበቱ እየተገለባበጠ መልእክት ይሸከማል። እያንዳንዱ ግማሽ ምት 58 ማይክሮ ሰከንድ ከሆነ “1”፣ 100 ማይክሮ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ “0” ነው። መልእክቱ የባቡሩን ቁጥር፣ ትእዛዙንና ስሕተት መኖሩን የሚያረጋግጥ ማመሳከሪያ ይይዛል። በየባቡሩ ውስጥ ያለው ዲኮደር የተባለ ትንሽ ቺፕ ሁሉንም መልእክት ይሰማል፤ የሚታዘዘው ግን የራሱ ቁጥር ሲጠራ ብቻ ነው።

አዲስ የዲሲሲ ባቡር እንደ ደንቡ ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ 3 ነው። በአንድ አገር የተሠራ ባቡር በሌላ አገር በተሠራ መቆጣጠሪያ ላይ ተቀምጦ 3 ሲጫን ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ አምራቾች ተገናኝተው ላያውቁ ይችላሉ። የጋራ ስታንዳርድ ማለት ይኸው ነው። በዚህ በር ብዙ ትንንሽ አምራቾች ገቡ፤ ውሎ አድሮ ሆርንቢ ራሱ ዲሲሲን ተቀበለ። ለራሱ ቋንቋ የሚሳሳው ሜርክሊን እንኳ ኤምኤፍኤክስ የተባለውን የግል ሥርዓቱን ይዞ በዋና መቆጣጠሪያዎቹ ላይ ዲሲሲን ጨምሯል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው።

◾️ ያልተዘጋው ቀዳዳ

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ በደስታ አያልቅም። ስታንዳርዱ የወሰነው መቆጣጠሪያው ሣጥን ከባቡሩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ነው። በእጅ የሚያዘው መንጃ ከሣጥኑ ጋር የሚነጋገርበትን አልወሰነም። ኩባንያዎቹ ከሐዲዱ የተነጠቁትን ባለቤትነት በዚህ ቀዳዳ መልሰው ያዙት። ሌንዝ ኤክስፕረስኔትን፣ የአሜሪካው ዲጂትራክስ ሎኮኔትን አበጁ፤ የአንዱ መንጃ የሌላው ሣጥን ላይ ቢሰካ አይሠራም።

ስለዚህ ጀማሪ ዛሬ “ዲሲሲ ነው ወይ?” ብሎ ብቻ መግዛቱ አይበቃም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦

1. ሁለተኛ መንጃ፣ ኮምፒውተር ወይም ተጨማሪ የኃይል ማጉያ ይቀበላል ወይ? አንዳንድ ማስጀመሪያ ሣጥን መጨረሻውም እሱ ራሱ ነው፤ ማሳደግ ማለት ጥሎ ሌላ መግዛት ይሆናል።

2. የዲኮደሩን ቅንብር ማንበብ ይችላል ወይስ መጻፍ ብቻ? አንዳንድ ርካሽ ሣጥኖች ይጽፋሉ እንጂ አያነቡም፤ ብልሽት ሲመጣ ባለቤቱ በጨለማ ይዳብሳል።

3. በሣጥኑ ውስጥ ያለው አቅም ሁሉ የገዢው ነው ወይ? ለምሳሌ ሮኮ ለጀማሪዎች ያቀረበው ዜድ21 ስታርት በስልክ ወይም በገመድ አልባ መንጃ ለመጠቀም በተጨማሪ ክፍያ የሚገኝ መክፈቻ ኮድ ይጠይቃል። ዕቃው እጅ ላይ ነው፤ ቁልፉ ግን ሻጩ ዘንድ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። አንድ ባቡር ብቻ ሲኖር መቆጣጠሪያ መለወጥ ቀላል ነው፤ 30 ሲሆኑ ግን ዋጋው ሌላ ነው።

◾️ ከአሻንጉሊት ወደ ፍርድ ቤት

ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን ከተነሡት አንዱ ጄኤምአርአይ የተባለው ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ነው። የተለያዩ አምራቾችን መቆጣጠሪያዎች ከኮምፒውተር ጋር ያገናኛል። ከመሪዎቹ አንዱ የካሊፎርኒያው የፊዚክስ ምሁር ሮበርት ጃኮብሰን ነበሩ። በ2005 በዚሁ ዘርፍ ሶፍትዌር የሚሸጠው ማቲው ካትዘር “ፓተንቴን ጥሳችኋል” ብሎ ከ200,000 ዶላር በላይ እንዲከፈለው ጠየቀ። በነፃ ለሚያድሉት ሶፍትዌር ማለት ነው።

ጃኮብሰን አልከፈሉም፤ በ2006 እሳቸው ከሰሱ። በክርክሩ የካትዘር ድርጅት የጄኤምአርአይን የዲኮደር መግለጫ ፋይሎች የደራሲዎቹን ስም ሳይጠቅስ በራሱ ምርት ውስጥ መጠቀሙም ተነሣ። ጥያቄው እዚህ ላይ ከባቡር አለፈ፦ አንድ ሰው ሥራውን በነፃ ሲሰጥ “ስሜን ጥቀሱ፣ የለወጣችሁትን ግለጹ” ብሎ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ በሕግ ያስገድዳል ወይ?

የሥር ፍርድ ቤቱ ነገሩን የውል ጉዳይ ብቻ አድርጎ አየው። ይግባኝ ሰሚው የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን በነሐሴ 2008 ያንን ሽሮ፣ የክፍት ፈቃድ ቅድመ ሁኔታዎች በቅጂ መብት ሕግ ሊከበሩ ይችላሉ ሲል ወሰነ። በክርክሩ ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽንና ሊኑክስ ፋውንዴሽን ከጃኮብሰን ጎን አስተያየት አቅርበው ነበር። በ2010 ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ ካትዘር 100,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በአማርኛ ዊኪፒዲያ ላይ በነፃ የሚጽፍ በጎ ፈቃደኛም ጽሑፉ የሚሰራጨው በዚሁ ዓይነት ፈቃድ ነው፤ ፍርዱ የተገኘው ግን ከሞዴል ባቡር ሰዎች ነበር።

◾️ ሳይፈረም በፊት

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ ጨዋታ የሚጠመድ ሰው ጥቂት ይሆናል። ጥያቄው ግን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ ደግሞ 1.435 ሜትር። አዲሱ የዓለምን የተለመደ መለኪያ መከተሉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የቀድሞዎቹ ባቡሮች አንድ ጋት እንኳ ሊሄዱበት አይችሉም። መጀመሪያ ላይ የተመረጠ መለኪያ መቶ ዓመት ያስከትላል።

ዛሬ የሚፈረሙት ውሎች ከብረት ይልቅ የመረጃ ሥርዓት ይበዛባቸዋል፦ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የክፍያ መተግበሪያ። ገዢው ብዙ ጊዜ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን ይጠይቃል። የሞዴል ባቡር ጀማሪ ከዜሮ ዋን የተማረው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ሻጩ ነገ ቢጠፋ፣ ዕቃውን ሌላ ማን ያናግረዋል? መልሱ “ማንም” ከሆነ፣ ርካሹ ዋጋ ርካሽ አይደለም።