የዘይት ቋት ማሻሻል፤ ለውድድር ሜዳ ወይስ ለጋይንት ዳገት?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለው የቤንዚን መኪና ሌላ ትርጉም ይዟል፡፡ ቀድሞ ሞተሩ የነከሰበት ሰው መኪናውን በወደቀበት ዋጋ ሸጦ ሌላ ይፈልግ ነበር፡፡ ዛሬ ግን ያለውን ሞተር ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል፡፡ የሞተርን ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ ብዙዎቻችን አይተነው የማናውቀው ከሞተሩ ሥር የተንጠለጠለው የዘይት ቋት ነው፡፡

ጉዳዩን እንድጽፍበት ያነሳሳኝ አንድ ወዳጄ ነው፡፡ ይህ ሰው ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አለው፡፡ በዓል በመጣ ቁጥር ዘመዶቹን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ንፋስ መውጫ ይመላለሳል፡፡ የጋይንትን ዳገት ስለሚፈራ ለውድድር መኪና የሚገጠመውን ዓይነት የዘይት ቋት ከውጭ ለማስመጣት ተነሳ፡፡ እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው፡፡ ነገር ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት "የምናክመው በሽታ የትኛው ነው?" ብሎ መጠየቅ ለሁለቱም ሙያ ይሠራል፡፡

ቋቱ ምን ይሠራል?

በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ውስጥ ከአራት እስከ አምስት ሊትር የሚሆን ዘይት ከሞተሩ ሥር ባለው ቋት ይጠራቀማል፡፡ የዘይት ፓምፑ በመምጠጫ ቱቦ ከቋቱ ወለል ስቦ በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ብሮንዚናዎቹ ይገፋዋል፡፡ የሚሽከረከረው ክራንክሻፍት ብሮንዚናውን በቀጥታ አይነካውም፡፡ በመካከላቸው ስስ የዘይት ሽፋን አለ፡፡ ቱቦው በዘይት ፋንታ አየር ከሳበ ሽፋኑ ይጠፋል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ሞተሩም ይነክሳል፡፡ በከፍተኛ ዙር ላይ ላለ ሞተር ለዚህ ጥፋት ጥቂት ሴኮንዶች ይበቃሉ፡፡

የስፖርት መኪና ችግር

የስፖርት መኪና ኩርባን በፍጥነት ሲዞር ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፡፡ የጎን ግፊቱ ከመሬት ስበት ጋር እኩል ከሆነ የዘይቱ ገጽ 45 ዲግሪ ይዘነብላል፡፡ ኩርባው ረጅም ከሆነ መምጠጫው ባዶ ወለል ላይ ይቀራል፡፡ ለዚህ የተገኙት መፍትሔዎች በደረጃ ይለያያሉ፡፡

የመጀመሪያውና ርካሹ ከፋይ ግድግዳ ነው፡፡ በቋቱ ውስጥ ላሜራ ተበይዶ ዘይቱ ከመምጠጫው ዙሪያ እንዳይሸሽ ያግደዋል፡፡ አንዳንዱ ዘይት የሚያስገባ እንጂ የማያስወጣ ትንሽ በር አለው፡፡ ሁለተኛው ቋቱን ወደ ጎን አስፍቶ ተጨማሪ ዘይት እንዲይዝ ማድረግ ነው፡፡ ሦስተኛው ግፊት ያለው ዘይት የሚያጠራቅም የተለየ ጋን ሲሆን፣ ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ያጠራቀመውን ይለቃል፡፡ የመጨረሻውና ውዱ ደረቅ ቋት የሚባለው ነው፡፡ በዚህ አሠራር ዘይቱ ከሞተሩ ሥር አይቀመጥም፤ ፓምፖች እየሳቡ ወደ ውጭ ታንክ ይወስዱታል፡፡ በ1954 እ.ኤ.አ. የቀረበው መርሴዲስ 300 ኤስኤል ደረቅ ቋት ነበረው፡፡ የፖርሸ 911 በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮችም እንዲሁ፡፡ ሼቭሮሌት ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ሞዴል ኮርቬት ዜድ 06 ላይ ገጥሞታል፡፡ ጥቅሙ ዘይት እንዳይጠፋ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ ከሥር ጥልቅ ቋት ስለሌለ ሞተሩ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥም ያስችላል፡፡

የጋይንት መንገድ ችግር

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ ሕዝቡ "የቻይና መንገድ" ይለዋል፤ የሠሩት ቻይናውያን ናቸውና፡፡ አገሩ ከጥንትም ሸክም የሚፈትን ነው፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ይህንኑ ደጋ እያስጠረጉ ነበር፡፡ ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፡፡ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል፡፡ አሽከርካሪው በዝቅተኛ ማርሽና በከፍተኛ ዙር ስለሚወጣ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፡፡

አሁን ሒሳቡን እንመልከት፡፡ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት መኪናውን የሚያዘነብለው 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፡፡ ከውድድር ሜዳው 45 ዲግሪ ጋር አይገናኝም፡፡ በዚሁ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በኃይል ሲያዝ የዘይቱ ገጽ ወደ 30 ዲግሪ ሊዘነብል ይችላል፤ ግን ለአፍታ ነው፡፡ ቋቱ በልኩ ከተሞላ ይችለዋል፤ አንድ ሊትር ከጎደለው ግን ላይችለው ይችላል፡፡ ስለዚህ ለወዳጄ የሚያሰጋው ዳገቱ ሳይሆን የዘይቱ መጉደል ነው፡፡

ሁለተኛው ስጋት ድንጋይ ነው፡፡ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወርደው ኮረኮንች ዝቅ ያለ መኪና አይምርም፡፡ ቋቱ ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ዘይቱ ሲፈስ ይታያል፡፡ ከብረት ላሜራ ከሆነ ግን ይጎደጉዳል እንጂ ላያፈስ ይችላል፡፡ አሳሳቹ ይኼኛው ነው፡፡ በመምጠጫውና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፡፡ ወደ ላይ የጎደጎደ ወለል መምጠጫውን ሲያፍነው፣ ቋቱ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ዘይት ይጠማል፡፡

ምን ይሻላል?

እንግዲህ ለዚህ መንገድ የሚበጀው ማሻሻያ በመጀመሪያ ከቋቱ ሥር የሚገጠም ጠንካራ የመከላከያ ላሜራ ነው፡፡ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን የሚገኝበት ቀዳዳና የአየር መተላለፊያ ሊኖረው ይገባል፡፡ ከቋቱ ጋር ተጣብቆ ከተገጠመ ምቱን ያስተላልፋልና ትንሽ ክፍተት ያስፈልገዋል፡፡ የጎደጎደ ቋት ከውጭ በመዶሻ የሚታለፍ አይደለም፡፡ ወርዶ መምጠጫው መታየት አለበት፡፡

ከፋይ ግድግዳ ማስበየድ የፈለገም ይችላል፤ ነገር ግን የብየዳ ፍንጣሪ ሳይጠራ ከተገጠመ መድኃኒቱ መርዝ ይሆናል፡፡ ጥልቅ ቋት የሚያስገጥም ደግሞ መምጠጫውም አብሮ መርዘሙን፣ የመለኪያው ብረት ምልክትም እንደ አዲስ መስተካከሉን ያረጋግጥ፡፡ "ይብዛለት" ብሎ ከልክ በላይ መሙላት አይረዳም፡፡ ክራንክሻፍቱ ዘይቱን ሲመታው አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ብሮንዚና አያድንም፡፡

ውሉስ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2610 ጀምሮ አንድን ሥራ በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ለማስረከብ ስለሚዋዋል ሰው ይደነግጋል፡፡ ቋት ቆርጦ የሚበይድልን ባለጋራዥ ግዴታም በዚህ ዓይን መታየት የሚችል ነው፡፡ ሞተሩ በሳምንቱ ቢነክስ ግን ክርክሩ የሚያርፈው ማስረጃ ላይ ነው፡፡ ምን እንደተሠራ፣ የአሮጌው ቋት ሁኔታ፣ የተሞላው ዘይት መጠንና ዓይነት፣ የተከፈለው ዋጋ በጽሑፍ ይስፈር፤ ቋቱ ተከፍቶ ሳለም ፎቶ ይነሳ፡፡ የአገራችን የጋራዥ ውል በአብዛኛው በቃል ነው፤ በቃል የገባ ኃላፊነት ደግሞ ሞተሩ ሲነክስ ምስክር ያጣል፡፡ የመኪናው ባለቤት ለሦስተኛ ወገን ያለበትን ኃላፊነትም አይዘንጋ፡፡ አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው፡፡ በክፉ ብየዳ አፍስሶ ኩርባ ላይ የቀረ ዘይት ሌላውን መኪና ገደል ሊሰድ ይችላል፡፡

ከሁሉም በላይ ርካሹ ማሻሻያ ልማድ ነው፡፡ ረጅም መንገድ ከመጀመሩ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ የዘይቱን ልክ ማየት፣ ድንጋይ ከነካ ወርዶ ከሥር መመልከት ያስፈልጋል፡፡ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ግን "ደብረ ታቦር ልድረስ" አይባልም፡፡ ደህና ቦታ ይዞ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ነው፡፡