የሴራሚክ የጥርስ ሽፋን በምን ይጣበቃል? በሰማያዊ ብርሃን ስለሚጠነክረው ማጣበቂያ ማወቅ የሚገባን



በማኅበራዊ ሥራችን ምክንያት ወገኖቻችንን ወደ ልዩ ልዩ ሕክምና ቦታዎች አጅበን እንሄዳለን። በአንድ ወቅት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ እናት የፊት ጥርሳቸውን ሽፋን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውልን መጡ። ሽፋኑ ሲወልቅባቸው ይህ ሁለተኛው ነበር። ሕክምናው ሲሰጣቸው ያስተረጎመላቸው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። ሐኪሙ «ዴቬቅ» ሲል ልጁ «ሙጫ ነው» አላቸው። እሳቸውም ሽፋኑ መጀመሪያ በወለቀ ጊዜ «ሙጫ ከሆነማ ቤትም አለ» ብለው ከሱቅ በተገዛ ፈጣን ሙጫ ራሳቸው አጣበቁት። ድዳቸው ተቃጠለ፣ ሽፋኑም ተንጋዶ ተቀመጠ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ወለቀ። በዚያን ጊዜ ከሥሩ ያለው ጥርስ መበስበስ ጀምሮ ስለነበር ሥራው እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።

ጥፋቱ የእኚህ እናት አይደለም፤ የልጁም አይደለም። ስለ ነገሩ በሚገባ ያስረዳቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህ «ሙጫ» ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ጥርሳችን ከመሞረዱ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለብን ባጭሩ እንገልጻለን።

ሽፋኑ ከምን ይሠራል?

በዕብራይስጥ «ሓርሲና» የሚባለው የሴራሚክ ዓይነት ነው። ሴራሚክ እንደ ሸክላ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ የሚጠነክር ነገር ነው። በፊት ጥርስ ላይ ብቻ የሚለጠፈው ስስ ሽፋን «ጺፑይ ሓርሲና» ይባላል፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ጥርሱን ዙሪያውን የሚያለብሰው ደግሞ «ኬተር» ማለትም ዘውድ ይባላል።

ሴራሚክ ሁሉ አንድ አይደለም። ፖርሴሊን እና ሊቲየም ዳይሲሊኬት የሚባሉት በውስጣቸው የመስተዋት ባሕርይ ስላላቸው ብርሃን ያሳልፋሉ፤ የተፈጥሮ ጥርስም ይመስላሉ። ዚርኮኒያ የሚባለው ግን መስተዋት የለበትም። ከሁሉም የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ብርሃንም ያን ያህል አያሳልፍም። ይህ ልዩነት በማጣበቂያው ምርጫ ላይ ትልቅ ቦታ አለው።

ስስ ሴራሚክ ብቻውን ሲሆን በቀላሉ ይሰበራል። እናቶቻችን ምጣድ ጉልቻው ላይ ተስተካክሎ ካልተቀመጠ እንደሚሰነጠቅ ያውቃሉ። ሽፋኑም እንደዚያው ነው። ከጥርሱ ጋር ክፍተት ሳይኖር ሲያያዝ የማኘክን ኃይል ይችላል፤ ከሥሩ ክፍተት ካለ ግን ይሰነጠቃል ወይም ይወልቃል።

ማጣበቂያው ከየት መጣ?

በድሮ ጊዜ ሐኪሞች ዘውድን የሚያስሩት ዚንክ ፎስፌት በሚባል ሲሚንቶ ነበር። ይህ ሲሚንቶ ክፍተቱን ሞልቶ ዘውዱን አጥብቆ ይይዛል እንጂ ከጥርሱ ጋር በእውነት አይዋሃድም። ስለሆነም ለስስ ሽፋን አይበቃም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ኢናሜልን፣ ይኸውም የጥርስን ጠንካራ የላይኛ ቆዳ፣ በፎስፎሪክ አሲድ ቢያሻክሩት ፕላስቲክ መሰል ነገር አጥብቆ እንደሚይዝ አሳዩ። ሐሳቡን ያገኙት በፋብሪካ ብረት ቀለም ከመቀባቱ በፊት በአሲድ ሲታጠብ አይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ራፋኤል ቦወን ቢስ-ጂ ኤም ኤ ለተባለው ሬዚን የፈጠራ መብት አገኙ። ሬዚን ፈሳሽ ሆኖ ሳለ በኋላ የሚጠነክር፣ እንደ ዛፍ ሙጫ የሚዝለገለግ ነገር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፖርሴሊኑም የውስጥ ገጽ በአሲድ መሻከር ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ስስ ሽፋን በጥርስ ላይ ማጣበቅ የተለመደ ሕክምና ሆነ።

ብርሃኑ ምን ያደርጋል?

ማጣበቂያው በሬዚንና በጣም በደቀቀ የመስተዋት ዱቄት የተሠራ ነው። በውስጡም ካምፎርኪኖን የሚባል ብርሃን የሚቀበል ንጥረ ነገር አለ። 470 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ይነቃና የሬዚኑን ጥቃቅን ክፍሎች እንደ ሰንሰለት ያያይዛቸዋል። በዚህም ለስላሳው ነገር በሰከንዶች ውስጥ ይጠነክራል።

ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሐኪሙ ብርሃኑን እስኪያበራ ድረስ ማጣበቂያው ስለማይደርቅ ሽፋኑን ያለ ችኮላ ያስተካክላል፣ ትርፉንም ይጠርጋል። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ለረጅም ጊዜ አይለወጥም። ከሌሎቹ ማጣበቂያዎች አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ሊቢጫ የሚችል ንጥረ ነገር ስላላቸው፣ ሐኪሞች ለፊት ጥርስ ስስ ሽፋን በብርሃን ብቻ የሚጠነክረውን ይመርጣሉ።

ድክመቱ ደግሞ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ አለመጠንከሩ ነው። ሽፋኑ ወፍራም ከሆነ፣ በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ወይም ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ለእንደዚህ ያለው በብርሃንም በራሱም የሚጠነክር ሁለት ዓይነት ባሕርይ ያለው ማጣበቂያ አለ። ከሥሩ ብረት ላለበት ዘውድ ብርሃን ጨርሶ ስለማያልፍ ሌላ ዓይነት ሲሚንቶ ይደረጋል። ዚርኮኒያም የራሱ አሠራር አለው፤ አሲድ ስለማያሻክረው በደቃቅ ዱቄት ንፋስ ይሻከራል፣ ልዩ ፈሳሽም ይቀባል።

በወንበሩ ላይ ምን ይደረጋል?

ቅደም ተከተሉን ማወቅ ፍርሃትን ይቀንሳል። በተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦

1. ሽፋኑ በጊዜያዊ ለጥፍ ይሞከራል። ልኩንና ቀለሙን በመስታወት የምናየውና የምንናገረው በዚህ ጊዜ ነው። ከተጣበቀ በኋላ ለመለወጥ ሽፋኑን መስበር ያስፈልጋል።

2. የሽፋኑ የውስጥ ገጽ ከአፍ ውጪ ሃይድሮፍሎሪክ በሚባል አሲድ ይሻከራል። ለሊቲየም ዳይሲሊኬት ብዙውን ጊዜ 20 ሰከንድ ይበቃል። ከታጠበ በኋላ ሲሌን የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ ይህ ሴራሚኩንና ሬዚኑን የሚያስታርቅ አማላጅ ነው። አሲዱ አደገኛ ስለሆነ በሐኪም እጅ ብቻ የሚያዝ ነው።

3. ጥርሱ ይጸዳል፣ ከምራቅም ይከለላል። ብዙ ሐኪሞች ለዚህ ስስ የጎማ ልባስ ይዘረጋሉ። ትንሽ ቢያስጨንቅም ለጥቅማችን ነው።

4. የጥርሱ ኢናሜል 37 በመቶ ገደማ በሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይሻከራል፣ ይታጠባል፣ ማያያዣ ፈሳሽም ይቀባል።

5. ማጣበቂያው ተቀብቶ ሽፋኑ ይቀመጣል። ብርሃኑ ለአፍታ ይበራና ትርፉ ይጠረጋል። በመጨረሻም አምራቹ ባዘዘው መጠን፣ በብዙዎቹ ለእያንዳንዱ ጎን ከ20 እስከ 40 ሰከንድ፣ ሙሉ ብርሃን ይሰጠዋል።

6. አገጣጠማችን ይታያል፤ የሚጎረብጥ ካለ ይስተካከላል። «ከፍ ብሎብኛል» ለማለት አንፈር።

ሰማያዊውን ብርሃን ትክ ብለን ማየት ለዓይን ጎጂ ነው። መከላከያ መነጽር እንዲሰጠን እንጠይቅ፤ ካልሆነም ዓይናችንን እንጨፍን።

ለምን ይወልቃል?

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሙጫው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ገጹ ላይ ምራቅ ወይም ደም ሲነካ፣ የብርሃኑ መሣሪያ ሲደክም ወይም ከጥርሱ ርቆ ሲያዝ፣ ሽፋኑ በልኩ ሳይሆን ሲቀር ነው። ሌላው ትልቅ ምክንያት ጥርሱ ከመጠን በላይ መሞረዱ ነው። ማጣበቂያው ከሁሉ የበለጠ የሚይዘው ኢናሜልን ነው፤ ኢናሜሉ ተሞርዶ ካለቀ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ክፍል ያን ያህል አጥብቆ አይይዝም። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰውም ሽፋኑን ሊሰብር ይችላል፤ እንዲህ ያለ ልማድ ካለን ለሐኪሙ እንንገር፣ የሌሊት መከላከያም ይሠራልናል።

ከመፈረማችን በፊት

ኢናሜል አንድ ጊዜ ከተሞረደ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ለመወሰን ጊዜው ከመሞረዱ በፊት ነው። እነዚህን እንጠይቅ፦

- ይህ ሕክምና ለጤንነቴ ያስፈልጋል ወይስ ለማማር ብቻ ነው? ጥርስ ማንጻት ወይም በነጭ «ስቲማ» መጠገን አይበቃም ወይ?
- ከጥርሴ ምን ያህል ይሞረዳል?
- ሽፋኑ ከምን ይሠራል፣ በምንስ ይጣበቃል?
- ከወለቀ ወይም ከተሰበረ ማን ያሠራል፣ በማን ወጪ?

ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከዋጋው ዝርዝር ጋር፣ ማለትም ከ«ሃጻዓት መሒር» ጋር፣ በጽሑፍ ይሁን። በእስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የልጆች የጥርስ ሕክምና በጤና ቅርጫት (ሳል ብሪኡት) ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ደርሷል። ሆኖም ለማማር ተብሎ የሚደረግ ሽፋን በዚህ አይካተትም። አዋቂዎች ተጨማሪ ኢንሹራንስ (ቢቱዋሕ ማሽሊም) ካላቸው ምን ቅናሽ እንዳለ አስቀድመው ከኩፓት ሆሊማቸው ይጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ሐኪሙ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ጉዳቱና ስለ አማራጩ በሚገባን መንገድ እንዲያስረዳን ያዛል። ሁለተኛ ሐኪም የመጠየቅና የሕክምና መዝገባችንን ቅጂ የመውሰድ መብትም ይሰጠናል። እንግዲህ «አልገባኝም» ማለት ነውር አይደለም፤ መብት ነው። ትንንሽ ልጆችን ግን አስተርጓሚ አናድርጋቸው። ልጁ ቃሉን ያውቅ ይሆናል እንጂ ነገሩን አያውቅም፤ ሸክሙም ለትከሻው ይከብዳል። ትልቅ ሰው ይዘን እንሂድ፤ ከሌለ አስተርጓሚ እንጠይቅ።

ከተጣበቀ በኋላ

መደንዘዙ እስኪለቅ ድረስ አንብላ። በሽፋኑ ቆሎ፣ አጥንት ወይም በረዶ አንቆርጥም፤ የጠርሙስ ክዳንም አንክፈትበት። በቀን ሁለት ጊዜ እንቦርሽ፤ በጥርሶቹ መካከልም በክር እናጽዳ። ሴራሚኩ አይበሰብስም፤ የሽፋኑ ጠርዝ ላይ ያለው የራሳችን ጥርስ ግን ይበሰብሳል።

ሽፋኑ ቢወልቅ በንጹሕ ዕቃ አስቀምጠን ቶሎ ወደ ሐኪሙ እንደውል። ካልተሰበረና ጥርሱ ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ አጽድቶ መልሶ ሊያጣብቀው ይችላል። የቤት ሙጫ ግን በምንም ምክንያት አንጠቀም። ድድን ያቃጥላል፤ በገጹ ላይ የሚቀረው ቅሪትም ሐኪሙ በኋላ በትክክል እንዳያጣብቀው ያደርጋል።

እኚያ እናት በሁለተኛው ጊዜ ጎልማሳ ዘመዳቸውን ይዘው ገቡ፤ ከላይ የጻፍናቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አስጠየቁ፤ ከዚያም ወስነው ፈረሙ። ሲወጡም «አሁን ምን እንደተሠራልኝ አውቃለሁ» አሉን። እኛም ለሁላችሁ የምንመኘው ይህንኑ ነው።