የሰልቦርኑ ካህንና የመጸው መዝገቡ

የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዓመቱን በአራት ከፍለው፣ መጸው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን፣ ሐጋይ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25፣ ክረምትም እስከ መስከረም 25 ቀን እንዲቈይ አስተምረዋል። ይህ ሥርዓት ለጸሎትና ለማኅሌት የጸና ነው። ዳሩ ግን ዝናሙ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፤ ውርጩም አንዳንድ ዓመት ሳይታሰብ ቀድሞ ይደርሳል። ሥርዓቱ የወቅቱን ስም ይነግራል እንጂ የዚያን ዓመት ጠባይ አይነግርም። ጠባዩ የሚታወቀው አንድ ሰው በአንድ ስፍራ ጸንቶ ተቀምጦ፣ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ከዓመት ወደ ዓመት የጻፈ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ካደረጉት ሰዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር፣ ሰልቦርን በምትባል መንደር የኖረው ካህን ጊልበርት ኋይት ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ጊልበርት ኋይት በ1720 ዓ.ም. በዚያችው መንደር ተወለደ። አያቱ የደብሩ አለቃ ነበረ። እርሱም በኦክስፎርድ ተምሮ በ1749 ቅስና ተቀበለ። ይሁን እንጂ የሰልቦርን ደብር አለቅነት የሚሰጠው እርሱ ለተማረበት ኮሌጅ ሰዎች ሳይሆን ለሌላ ኮሌጅ ሰዎች ስለ ነበረ፣ በተወለደበት ስፍራ ከረዳት ካህንነት አላለፈም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ አዝኖ ወደ ታላቅ ከተማ በሄደ ነበር። እርሱ ግን በአያቶቹ መንደር መቀመጥን መረጠ፤ ከቤቱ በስተጀርባ ያለውን የአትክልት ቦታና በላዩ የቆመውን ደን የለበሰ ኮረብታ ዕድሜውን ሙሉ ሲመለከት ኖረ።

በ1751 የዘራውንና የተከለውን የሚጽፍበት መዝገብ ጀመረ። ከ1768 ወዲህ ደግሞ ዴይንስ ባሪንግተን የተባለው ወዳጁ ለየዕለቱ ሰንጠረዥ የተዘጋጀለት የታተመ መዝገብ ሰጠው። በዚያም የባሮሜትሩን፣ የቴርሞሜትሩን፣ የነፋሱንና የዝናሙን ነገር፣ ያበበውንም አበባ፣ የመጣችውንና የሄደችውንም ወፍ እየጻፈ፣ እስከ ዕረፍቱ ድረስ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ጸና። ከ1779 ዓ.ም. ከግንቦት ወር ጀምሮ የዝናሙ ልክ በሰልቦርን ይሰፈር ነበር። የ1780 ዝናም 27.32 ኢንች፣ የ1782 ዝናም 50.26 ኢንች ሆነ፤ ይህም በዛሬው መስፈሪያ 694 እና 1277 ሚሊሜትር ያህል ነው። በሁለት ዓመት ልዩነት በአንዲት መንደር እጥፍ ያህል መዝነቡን የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻውን በዚህ ልክ ለይቶ ሊነግር ባልቻለም ነበር።

ከወቅቶች ሁሉ ይልቅ ብዙ ጥያቄ ያመጣበት መጸው ነበር። ገና ወጣት ሳለ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1741 ዓ.ም. ማለዳ ከውሾቹ ጋራ ለአደን ቢወጣ፣ እርሻው ሁሉ ጤዛ ባረገዘ የሸረሪት ድር ተሸፍኖ አገኘው። ድሩ የውሾቹን ዓይን እየሸፈነ አላስኬድ ስላላቸው ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሦስት ሰዓት ገደማ ደግሞ ድሩ ከሰማይ ከፍታ እንደ ዝናም ይወርድ ጀመር፤ እስኪመሽም ድረስ አላቋረጠም። ይህም እጅግ በተራራቁ ሦስት መንደሮች በአንድ ቀን ታየ። በቀድሞ ዘመን ብዙዎች ይህን ድር ከጤዛ የሚወጣ ነገር ይመስላቸው ነበር። ኋይት ግን የጥቃቅን ሸረሪቶች ሥራ መሆኑን ተረዳ። ከብዙ ዘመን በኋላም በቤቱ ተቀምጦ ሲያነብ አንዲት ሸረሪት በመጽሐፉ ላይ ዐርፋ፣ ወደ ገጹ ጫፍ ሮጣ ድሯን ወደ አየር ለቅቃ በእርሱ ስትሄድ በዓይኑ አየ።

በጣራ ክፈፍ ሥር በጭቃ ጎጆዋን የምትሠራው ትንሽ ወፍ ነገር ግን እንዲህ አልቀናውም። እነዚህ ወፎች በኦክቶበር መጀመሪያ ይጠፋሉ፤ በኖቬምበር ፀሓይ የሞቀች እንደ ሆነ ግን ጥቂቶች ዳግመኛ ይታያሉ። ስለዚህ ጥቂቶቹ ባሕር ሳይሻገሩ በአገሩ ተሸሽገው ተኝተው ይከርሙ ይሆን ብሎ ተጠራጠረ። በጂብራልታር ካህን የነበረው ወንድሙ ጆን ወፎች ባሕሩን ሲሻገሩ ማየቱን ጽፎለታል፤ ጥርጣሬው ግን ጨርሶ አልለቀቀውም። መሸሸጊያቸውን ቢያስፈልግ አንዳች አላገኘም፤ አለማግኘቱንም ሳይደብቅ ጻፈ። ዛሬ ወፎቹ ክረምቱን በአፍሪቃ እንደሚያሳልፉ ታውቋል። የኋይት ግምት ወድቋል፤ የመጡበትንና የሄዱበትን ቀን የጻፈበት መዝገብ ግን አልወደቀም። ያየውን ከገመተው ለይቶ የጻፈ ሰው ግምቱ ቢፈርስ ሥራው እንደማይፈርስ በዚህ ይታያል።

ታማኝነቱ ይልቁን የታወቀው በ1784 መጸው መጨረሻ ነው። ዲሴምበር 10 ቀን ማለዳ የሰልቦርን ቴርሞሜትር በፋራናይት ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ወረደ። በኮረብታው ላይ ባለችው በኒውተን ግን ብርዱ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሁሉ ብርድ በከፍታ ይጸናል ብሎ ያምን ነበርና መሣሪያዎቹ ተጠረጠሩ። ኋይትም ከቴርሞሜትሮቹ አንዱን ወደ ኒውተን ልኮ ከዚያው ጋራ ጐን ለጐን አስሰቀለ። መሣሪያዎቹ ተስማሙ፤ በአንዲት ሌሊት ግን የኒውተን ብርድ ከሰልቦርን በ18 ዲግሪ ያነሰ ሆነ። ቅጠላቸው የማይረግፍ ዛፎች በኋይት አትክልት ቦታ በእሳት እንደ ተለበለቡ ሲሆኑ፣ በኮረብታው ላይ ያሉት አንድ ቅጠል እንኳ አልጣሉም። ምክንያቱም በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ሸለቆ ወርዶ ስለሚተኛ ነው። ውርጭ ከተዳፋቱ ይልቅ ረባዳውን ማሳ አስቀድሞ የሚያጠፋው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በፊት በ1783 ዓ.ም. ከጁን 23 እስከ ጁላይ 20 ቀን ድረስ፣ ጢስ የመሰለ እንግዳ ጭጋግ አገሩን ሸፍኖት እንደ ነበረ ኋይት ጽፏል። ፀሓይ በቀትር እንደ ደበዘዘች ጨረቃ ሆነች፤ ብርሃንዋም የዛገ ብረት መሰለ፤ የባላገሩም ሕዝብ ፈራ። በካላብርያና በሲሲልያ የምድር መናወጥ ሆኖ ስለ ነበር ኋይት ይህንም አብሮ መዘገበ፤ የጭጋጉን ምንጭ ግን አላወቀም። በዚያ ወራት በአይስላንድ ደሴት፣ ላኪ በሚባለው ስፍራ፣ ከጁን 8 ቀን ጀምሮ ምድር ተሰንጥቃ እሳት ትተፋ ነበር፤ እስከ ፌብሩዋሪ 1784 ድረስም አላቆመችም። በዚያም የን ስታይንግሪምሶን የተባለ ሌላ ካህን የሕዝቡን መከራ ይጽፍ ነበር። ከአይስላንድ ሰዎች ከአምስት አንድ የሚያህሉ በተከተለው ረኃብና በሽታ አለቁ።

የዚህ እሳት ጥላ እስከ ዓባይ ውኃ ደረሰ። የግብጽ ሙላት የሚመጣው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር የክረምት ዝናም ነው፤ በ1783 እና በ1784 ግን ሙላቱ አነስተኛ ሆነ። ሙላቱ ሸሽቶ ዘር በሚዘራበት በመጸው ወራት ብዙው እርሻ ደርቆ ቀረ። ፈረንሳዊው ቮልኔ እስከ 1785 መጀመሪያ ድረስ ከሕዝቡ ከስድስት አንድ እጅ ሞቶ ወይም ተሰዶ እንደ ጠፋ ጽፏል። በ2006 ዓ.ም. የታተመ የአየር ሊቃውንት ጥናትም የላኪ ጭጋግ የሰሜኑን ምድር አቀዝቅዞ የአፍሪቃን የክረምት ዝናም እንዳደከመ አስረድቷል። ሰልቦርን፣ አይስላንድና ዓባይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊገናኙ የቻሉት በየስፍራው ቀኑን ቈጥሮ ያየውን የጻፈ ሰው ስለ ተገኘ ነው። 

ኋይት ለወዳጆቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተሰብስበው የሰልቦርን የተፈጥሮ ታሪክ በሚል መጽሐፍ በ1789 ታተሙ። እርሱም እስከ ጁን 1793 ዓ.ም. አጋማሽ መዝገቡን ሲጽፍ ቈይቶ በዚያው ወር 26 ቀን ዐረፈ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያለው የስሙ ሁለት መጀመሪያ ፊደልና የሞተበት ቀን ብቻ ነው። ለአለቅነት ያልበቃው ረዳት ካህን ለመንደሩ የተወላት ርስት ያ መዝገብ ሆነ። ለሥራው ያስፈለገውም ብዙ ገንዘብ አልነበረም፤ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ የዝናም መስፈሪያ፣ አንድ ደብተር፣ ከሁሉም በላይ ነገም እንደ ዛሬ በዚያው ሰዓት ወደ ጓሮ የሚወጣ ሰው ነበር። ሦስቱ በገበያ ይገኛሉ፤ አራተኛው ግን በየደብሩና በየመንደሩ ሊፈለግ የሚገባው ነው።