የሚያስፈራ ክንድና የማይፈራ ልብ
(ስለ ከባድ ሚዛን ቡጢኞች ታሪክ በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



 ዛሬ የምናቀርብላችሁ የታሪክ ንግግር በዓለም የቡጢ ስፖርት፣ በተለይም ከባድ ሚዛን በሚባለው ክፍል፣ ተመልካችንም ተጋጣሚንም በግርማቸው ያስፈሩ ስለ ነበሩት ሰዎች ነው። ነገሩ ከአገራችን የራቀ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ከእነዚህ ግጥሚያዎች አንዱ የተደረገው ኢትዮጵያ በወራሪ ጠላት በተከበበችበት ዓመት ስለ ሆነና በባሕር ማዶ የነበሩ ወዳጆቻችንም ከኛ ጭንቀት ጋር አያይዘው ስለ ተመለከቱት፣ ታሪኩ የኛም ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል።

ቡጢ በሕግና በዳኛ የሚመራ ስፖርት ነው። በሌሎቹ የክብደት ክፍሎች ሁለቱ ተጋጣሚዎች ተመዝነው ክብደታቸው እንዲቀራረብ ይደረጋል። በከባድ ሚዛን ግን ወደ ላይ ወሰን የለም፤ አንዱ ሌላውን በ20 ወይም በ30 ኪሎ ቢበልጠው ግጥሚያውን የሚከለክል ደንብ አይገኝም። ስለዚህም በዚህ ክፍል ከጡጫው አስቀድሞ ሥራውን የሚጀምረው ፍርሃት ነው። ደወሉ ሳይደወል ሁለቱ ሰዎች በመድረኩ መካከል ቆመው ሲተያዩ ሌላ ግጥሚያ ይደረጋል፤ ይኸውም የዓይን ግጥሚያ ነው። በዚህኛው የተሸነፈ ሰው በኋለኛው ማሸነፉ እጅግ ያጠራጥራል።

በግዙፍነቱ ዓለምን ካስደነቁት ሰዎች አንዱ ኢጣልያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ነበር። ይህ ሰው በ1899 ዓ. ም. በሰሜን ኢጣልያ ሴኳልስ በምትባል መንደር ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ወደ ፈረንሳይ አገር ተሰዶ በሰርከስ ውስጥ ጉልበቱን ለሕዝብ እያሳየ እንጀራውን ይበላ ነበር። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ክብደቱም ከ115 ኪሎ የሚበልጥ ስለ ነበረ፣ ቡጢ አስተምረው ገንዘብ ሊያገኙበት የፈለጉ ሰዎች አገኙትና ወደ አሜሪካ ወሰዱት። በየካቲት 1925 ዓ. ም. ከእርሱ ጋር የተጋጠመው ኧርኒ ሻፍ የተባለው አሜሪካዊ በጥቂት ቀን ውስጥ በመሞቱ የካርኔራ ስም ይበልጥ አስፈሪ ሆነ። በዚያው ዓመት ሰኔ 22 ቀን ጃክ ሻርኪን በ6ኛው ዙር በዝረራ አሸንፎ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ተባለ።

በዚያ ጊዜ ኢጣልያን ይገዛ የነበረው ሙሶሊኒ ይህን የመሰለ ሰው በቀላሉ የሚያልፈው አልነበረም። በጥቅምት 1926 ዓ. ም. ካርኔራ በሮም ከተማ ከስፔኑ ፓውሊኖ ኡዝኩዱን ጋር ሲጋጠም ሙሶሊኒ ራሱ ተገኝቶ ተመለከተ። የፋሺስት ጋዜጦችም ያን ግዙፍ ሰው የአዲሲቱ ኢጣልያ የኃይል ምልክት አድርገው ያወድሱት ነበር። ምንም እንኳ በሰኔ 1926 ዓ. ም. ማክስ ቤር ብዙ ጊዜ ከመሬት ጥሎ ሻምፒዮንነቱን ቢወስድበት፣ ፊቱ የሚቆም ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ሊያየው ይገደድ ስለ ነበር፣ ማስፈራቱ ገና አልቀረም ነበር።

ከዚህ በኋላ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ. ም. በወልወል ላይ የኢጣልያ ጦር ከኢትዮጵያ ወታደሮች ጋር ተዋጋ። ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ስታቀርብ፣ ኢጣልያ በበኩልዋ ወታደርና የጦር መሣሪያ በመርከብ እየጫነች በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ታጓጉዝ ጀመር። እንግዲህ ዓለም ሁሉ ይህን በሚያይበት ወራት ነው ካርኔራ ጆ ሉዊስ ከሚባል አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ጋር እንዲጋጠም በኒውዮርክ ቀጠሮ የተያዘው።

ጆ ሉዊስ በ1906 ዓ. ም. በአላባማ ክፍለ ሀገር፣ የሌላ ሰው መሬት ከሚያርሱ ጭሰኞች ተወለደ። ቤተ ሰቡ በኋላ ወደ ዲትሮይት ከተማ ተዛውሮ፣ እርሱም በፎርድ የአውቶሞቢል ፋብሪካ በቀን ሠራተኛነት ሠርቷል። ከእርሱ በፊት ጃክ ጆንሰን የተባለው የመጀመሪያው ጥቁር ሻምፒዮን በ1901 ዓ. ም. ማዕረጉን ባገኘ ጊዜ ብዙ ነጮች እጅግ ተቆጥተው ነበር፤ በሰኔ 1902 ዓ. ም. ጄፍሪስን ድል ባደረገ ጊዜም በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ረብሻ ተነሥቶ ሰዎች ሞተዋል። ጆንሰን በ1907 ዓ. ም. ከተሸነፈ በኋላም ለ22 ዓመት ያህል አንድም ጥቁር ቡጢኛ ለከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት እንዲጋጠም አልተፈቀደለትም። ስለዚህ የሉዊስ አሳዳጊዎች ብርቱ ትእዛዝ ሰጡት፤ በወደቀ ሰው ላይ እንዳይኩራራ፣ ካሸነፈም በኋላ እንዳይፎክር፣ ኑሮውም ነቀፋ የሌለበት እንዲሆን አሳሰቡት። ይህም ትእዛዝ ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ደስታም ቁጣም የማይነበብበት ያ ዝም ያለ ፊት፣ ከፉከራ ሁሉ የበለጠ ተጋጣሚዎቹን የሚያስጨንቅ ሆነ።

ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ. ም. ማታ በያንኪ ስታዲየም ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተሰበሰበ። በሁለቱ ወገን ደጋፊዎች መካከል ጠብ እንዳይነሣ ስለ ተፈራ ብዙ ፖሊስ ቆሞ ነበር፤ አስተዋዋቂውም ከግጥሚያው በፊት ሕዝቡ በዘርና በቀለም ሳይለይ በጨዋነት እንዲመለከት ለመነ። ካርኔራ 118 ኪሎ፣ ሉዊስ 89 ኪሎ ያህል ይመዝኑ ነበር። የ21 ዓመቱ ወጣት ግን ወደ ኋላ አላለም። በመጀመሪያው ዙር በሰነዘረው የቀኝ ጡጫ የካርኔራን ከንፈር አደማው። ከዚያም ዙር በዙር ሳይቸኩል ወደ ሆዱና ወደ አገጩ እየመታ፣ ትልቁን ዛፍ ከሥሩ እንደሚቆርጥ ሰው ቀስ በቀስ አደከመው። በ6ኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስት ጊዜም ተነሣ፤ በመጨረሻ ግን ዳኛው መካከል ገብቶ ግጥሚያውን አቆመ።

በዚያች ሌሊት በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ሕዝቡ ወደ መንገድ ወጥቶ እልል አለ። ደስታው ስለ አንድ ቡጢኛ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጆን ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ አውሮፕላን ነጂ ኢትዮጵያን ሊረዳ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ሌሎችም ብዙዎች ለመዝመት ይመኙ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜም በኒውዮርክ ጥቁሮችና ኢጣልያውያን ተጋጭተዋል። በ1929 ዓ. ም. ደግሞ ዶክተር መላኩ በያን በዚያችው ከተማ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቁመው ለአገራቸው የሚሆን የወዳጅነት መሠረት ጥለዋል።

ሆኖም ታሪክን በቅን የሚመረምር ሰው ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። አንደኛው፣ በመድረክ ላይ የተገኘ ድል ጦርን አያቆምም። ካርኔራ ከወደቀ ከሦስት ወር በኋላ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ፤ አርበኞቻችንም የአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደባቸው። ነፃነታችን የተመለሰው በማይጨው የተሠዉትና በየዱሩ አምስት ዓመት የተጋደሉት ወገኖቻችን በከፈሉት ደም፣ ከወዳጅ ጦር ርዳታም ጋር በ1933 ዓ. ም. ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካርኔራ ራሱ የሚጠላ ሰው አልነበረም። የድኻ ልጅ ነበር፤ በዙሪያው የተሰበሰቡ ወንበዴዎች ገንዘቡን በሉት፤ ካሸነፋቸው ግጥሚያዎችም ብዙዎቹ በስምምነት የተደረጉ ናቸው ተብሎ ይጠረጠራል። በኋላ በነፃ ትግል እየሠራ ኑሮውን አሻሽሎ በ1959 ዓ. ም. በተወለደባት መንደር ሞተ። ክፉው ነገር የሰውየው ግዙፍነት ሳይሆን፣ ያን ግዙፍነት ሌሎችን ለማስፈራሪያ የተጠቀመበት አገዛዝ ነው።

ጆ ሉዊስ በሰኔ 1928 ዓ. ም. በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ቢሸነፍም፣ በ1929 ሻምፒዮን ሆኖ፣ በሰኔ 1930 ዓ. ም. ሽሜሊንግን በ124 ሴኮንድ ውስጥ ጣለው። ማዕረጉንም 25 ጊዜ ተከላክሎ ለ12 ዓመት ያህል አስጠብቆታል።

ከእርሱ በኋላ የመጡትም አስፈሪዎች ይህንኑ ትምህርት ያጸኑልናል። ሶኒ ሊስተን በ1955 ዓ. ም. በመስከረምና በሐምሌ ፍሎይድ ፓተርሰንን ሁለት ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ፓተርሰን ሽንፈቱን አስቀድሞ ስለ ፈራ፣ ሰው ሳያውቀው ከስታዲየሙ የሚወጣበት ሰው ሠራሽ ጢም አዘጋጅቶ ነበርና፣ «የፈሩት ይደርሳል» የሚለው የአባቶች ቃል በእርሱ ተፈጸመ። በየካቲት 1956 ዓ. ም. ግን የ22 ዓመቱ ካሲየስ ክሌይ፣ በኋላ መሐመድ ዓሊ የተባለው፣ ይህን አስፈሪ ሰው ለ7ኛው ዙር ከወንበሩ እንዳይነሣ አደረገው። ጆርጅ ፎርማን በጥር 1965 ዓ. ም. ጆ ፍሬዚየርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጣለው፤ 40 ጊዜ ተጋጥሞም አንድ ጊዜ እንኳ አልተሸነፈም ነበር። ዳሩ ግን ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ. ም. በኪንሻሳ ዓሊ በገመዱ ተደግፎ ጡጫውን ሁሉ በትዕግሥት ተቀበለና፣ ፎርማን ሲደክም በ8ኛው ዙር ዘረረው። ማይክ ታይሰን በኅዳር 1979 ዓ. ም. በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሰኔ 1980 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሴኮንድ ጣለ፤ በየካቲት 1982 ግን በቶኪዮ፣ ያሸንፋል ብሎ ማንም ያልገመተው በስተር ዳግላስ በ10ኛው ዙር ከመሬት አነጠፈው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ አስፈሪ ሰው ከኃይሉ እኩሌታውን የሚያገኘው ከሚፈራው ሰው መሆኑን ነው። ያ ሰው መፍራቱን የተወ ዕለት፣ የቀረው ክንድ ብቻ ነው፤ ክንድ ደግሞ ይደክማል።

ይህን ለማስረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ እንኳ አያስፈልገንም። በመስከረም 2011 ዓ. ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ ወገኖቻቸው የሞቱባቸው ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በወጡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች ዱላ አላነሡም፤ እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ በጋሞ ባህል ጎሜ፣ ማለት ነውር፣ ስለ ሆነ፣ ወጣቶቹ ቁጣቸውን ውጠው ተመለሱ። የተቆጣ ሕዝብ ከማንኛውም ቡጢኛ ይልቅ ያስፈራል፤ በፊቱ ባዶ እጃቸውን የቆሙት አዛውንቶች ግን አልፈሩትም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ሰውነታችሁን በስፖርት አጠንክሩ፤ ነገር ግን ያገኛችሁት ጉልበት ደካማውን ለማስፈራራት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። የሚያስፈራራችሁ ሲመጣም ቁመቱን ሳይሆን ልባችሁን መዝኑ።