ቮልስን ማዘመን

ቮልስን ማዘመን የጥንቱን ቮልስዋገን ቢትል መኪና የውጭ ቅርጹን ሳይቀይሩ በዘመናዊ ፍሬን፣ መብራት፣ የነዳጅ ሥርዓት፣ መቀመጫና ሌሎች የምቾት ዕቃዎች ማሟላት ነው። መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ ከመመለስ ይለያል። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ሥራ «ሬስቶሞድ» ይባላል፤ ስሙም «ማደስ» እና «ማሻሻል» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተዳቀለ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የ1950ዎቹ ቮልስ

መኪናውን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ሲሆን፣ በብዛት መመረት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ቮልፍስቡርግ ከተማ ነው። 1 ሚሊዮንኛው ቢትል በ1955 ተመረተ። በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቱ ሲያበቃ ጠቅላላ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

በ1954 የወጣው ሞተር 1192 ሲሲ ሲሆን 30 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። የመኪናው ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ሲሆን አራቱም ፍሬኖች የታምቡር ዓይነት ናቸው። የነዳጅ መለኪያ አልነበረውም፤ ሞተሩ ነዳጅ ሲያጥረው ሹፌሩ ቧንቧ አዙሮ በታንኩ ግርጌ የቀረውን መጠባበቂያ ይከፍታል። በአውሮፓ እስከ 1960 ድረስ የብዙዎቹ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሳይሆን ከበሩ ጀርባ የሚወጣ ትንሽ ክንድ ነበር።

በኢትዮጵያ

ቢትል በኢትዮጵያ «ቮልስ» በሚል አጭር ስም ይታወቃል፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ለአሥርት ዓመታት በብዛት ከሚታዩ የቤት መኪኖች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ሰፈር ውስጥ ባለ ጋራዥ በጥቂት መፍቻዎች ሊጠገን ይችላል። ከውጭ በሚገባ መኪና ላይ የሚጣለው ከፍተኛ ቀረጥና ታክስም ባለቤቶች ያላቸውን መኪና ጠግነው እንዲይዙ ገፍቷቸዋል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ እንደ ዕድሜያቸው ይበልጥ አክብዶታል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ አሮጌ ቮልስን ማዘመን በኢትዮጵያ የትርፍ ጊዜ ፍቅር ብቻ ሳይሆን መኪና ይዞ የመቆያ መንገድም ነው።

ዋና ዋና ማሻሻያዎች

ፍሬን፦ የ1950ዎቹ የፍሬን ዘይት መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። ሁለት የተለያዩ መስመሮች ያሉት የፍሬን ማስተርና የፊት ዲስክ ፍሬን ይህን አደጋ ይቀንሳሉ።

ኤሌክትሪክ፦ ወደ 12 ቮልት ሲቀየር የፊት መብራቱ ይጠነክራል፤ ሬዲዮና ስልክ መሙያም ይሠራሉ። ባትሪው ብቻ አይቀየርም፤ ዲናሞው፣ አምፖሎቹና የዝናብ መጥረጊያው ሞተርም አብረው መታየት አለባቸው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ የመቀመጫው ብረት እንዳይነካው መሸፈን ይኖርበታል።

ሞተር፦ በኋላ የተመረተው 50 የፈረስ ጉልበት ያለው 1600 ሲሲ ሞተር በአሮጌው ቦታ ሊገጠም ይችላል። ይሁን እንጂ የጥንቱ የኋላ አክስል ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ጎማው ከሥር ወደ ውስጥ ሊዞር ስለሚችል፣ ፍሬንና አክስል ሳይሻሻሉ ጉልበት መጨመር አደገኛ ነው።

ምቾት፦ ባለ ሦስት ነጥብ የመቀመጫ ቀበቶ፣ ጭንቅላት መደገፊያ፣ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪና አየር ማቀዝቀዣ ይጨመራሉ። ቀበቶው የሚታሰርበት ብረት ከዝገት የጸዳና የተጠናከረ ካልሆነ ግን በግጭት ጊዜ አይጠቅምም።

የከፍታ ችግር፦ የባሌ ምሳሌ

የከፍታን ተጽዕኖ ለማየት የባሌ መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ 4,000 ሜትር ገደማ የሆነውን የሳነቴ አምባ አቋርጦ በሐረና ደን በኩል ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል።

አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። የ30 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር ሮቤ ላይ በግምት 22፣ ሳነቴ ላይ 18 ብቻ ይቀረዋል። ካርቡሬተሩ ደግሞ ለአየሩ የማይመጣጠን ብዙ ነዳጅ ስለሚሰጥ ሞተሩ ያጨሳል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ ነዳጅ ግን የአየሩን መጠን እየለካ ራሱን ያስተካክላል። ፋብሪካው ራሱ ከ1993 ጀምሮ በሜክሲኮው ቢትል ላይ እንዲህ ያለ ሥርዓት ገጥሟል።

የፍሬን ማገዣም በከፍታ ይዳከማል፤ ፔዳሉን የሚያግዘው የውጭው አየር ግፊት ነውና ሳነቴ ላይ እገዛው ወደ 40 በመቶ ገደማ ያንሳል። በረጅሙ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የታምቡር ፍሬን ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ቮልስም ቢሆን በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ እየተያዘ መውረድ አለበት። መንገዱ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሚያልፍና ቀይ ቀበሮዎች በመኪና የተገጩበት ጊዜ ስላለ፣ ጥሩ መብራትና ፍሬን ለሹፌሩ ብቻ የሚጠቅሙ አይደሉም።

ጥንታዊው አሠራር በባሌ የሚያስመሰግነው ነገርም አለ፦ ሞተሩ ውሃ ስለሌለው በሳነቴ ውርጭ የሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም።

ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ

በ2019 ቮልስዋገንና ኢክላሲክስ የተባለ የጀርመን ኩባንያ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪና 60 ኪሎዋት ሞተር ያለው ቢትል አሳይተዋል። በአንድ ሙሌት 200 ኪሎሜትር ገደማ እንደሚጓዝ ተገልጿል። ክብደቱ 1,280 ኪሎ ሲሆን የጥንቱ ግን 700 ኪሎ ገደማ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ በከፍታ ጉልበቱን አያጣም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለው ከ400 ኪሎሜትር በላይ የሆነ መንገድ በአንድ ሙሌት አይሸፈንም።

ሕጋዊነትና ቅርስነት

በኢትዮጵያ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር፣ ሞተር የተቀየረለት ቮልስ ለውጡ ካልተመዘገበ በዓመታዊ ምርመራና በሽያጭ ጊዜ ችግር ይገጥመዋል። በሌላ በኩል ማዘመንን የማይደግፉ ወገኖች ክንድ ፍሬቻውና የመጀመሪያው ሞተር ከጠፉ መኪናው የዘመኑ ምስክርነት እንደሚጎድለው ይናገራሉ። ለዚህ ተብሎ ብዙ ባለሙያዎች በአካሉ ላይ ቀዳዳ የማያስበሱ ክፍሎችን መርጠው ይገጥማሉ፤ የተፈቱትን ዕቃዎችም መኪናው ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለስ እንዲችል ያስቀምጣሉ።